ጾመኛው ሯጭ

ደመቀ ቴርሞሜትሩን ከእህል ሲሎው ጥላ ሥር አንሥቶ አየው። ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

"ስንት አለ፣ ዶክቶር?" ሲሉ ሐጅ ከማሉ ከበስተኋላው መጥተው ጠየቁት።

"ሠላሳ ሦስት።"

"ሠላሳ ሦስት ብቻ? እኔስ አናቴ ሊፈነዳ ነው።"

"ቆመው ስለሆነ ነው። የሚሮጥ ሰው ነፋስ ያገኛል።"

"እንግዲያ ችግር የለውም? ለሌላ ቀን እንበለው?"

"ችግር የለውም።"

"ኸላስ፣ አለቀ። አንተ ካልህ እናስጀምር።"

ሩጫው ጧት በሁለት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ እንዲጀመር ነበር የተቀጠረው። ግን ሙሐፊዙ፣ የአገሩ ገዥ፣ ሳይመጡ አይጀመርም። እሳቸው ደግሞ እንደ ሹም ሁሉ ሲመቻቸው መጡ፤ አምስት ሰዓት ሆነ። ለዚህ ነው ሐጅ ከማሉ የጨነቃቸው። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው ናቸው፤ ገላባትና ገዳሪፍ ላይ በሰሊጥ ንግድ ከከበሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በየዓመቱ አጨዳው ሲጋመስ የከተማው ሰሊጥ ነጋዴዎች ሯጭ እየቀጠሩ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያስሮጣሉ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር እሳቸው ናቸው፤ የደመቀም ቀጣሪ እሳቸው ናቸው። ደመቀ ለሐጅ ከማሉ አራት ዓመት ሮጦ አራቱንም አሸንፏል።

በሌላ ቀን ግን ደመቀ በስደተኞች ክሊኒክ ሐኪም ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ይሮጣል፣ ቀን በሽተኛ ያያል፣ የተረፈችውን ሰዓት ለዶክትሬት ጥናቱ ይሰጣል። በየሁለት ወሩ ካርቱም እየሄደ ለመምህራኑ የሚያሳየው ጥናት ከወገራና ከደባርቅ ደጋ ለአጨዳ ወርደው ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ፀሐይ ስለሚመታቸው ሠራተኞች ነው። አርባ አንድ ሰው መዝግቧል፤ አሥራ ሁለቱ ሞተውበታል። ሰው በስንት ሙቀት፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ምን ምልክት አሳይቶ እንደሚወድቅ በገዳሪፍ ምድር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሐጅ ከማሉም ከማንም በፊት እሱን የጠየቁት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቁጥር ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የዋሸው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ሰውየው ከመነሻው መስመር ዳር፣ ደረቱ ላይ አሥራ አራት ቁጥር ለጥፎ፣ እግሩን እያፍታታ ነበር። የተመዘገበው ታከለ ተብሎ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ታምሬ ነው።

ወሬውን ያመጣችው እናኑ ናት፤ የዛሬ አምስት ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። እናኑ የታላቅ ወንድሙ የአንዳርጋቸው ሚስት ናት። ልብስ እየሰፋች ከደመቀ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። የዚያን ዕለት ነጠላዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ወንድምዓለም፣ ታምሬን አየሁት" አለችው።

"የቱን ታምሬ?"

"ስንት ታምሬ አለን? ጺሙን አሳድጎ፣ ስሜ ታከለ ነው ብሎ፣ መስቀል ሲሳለም አየሁት። ጭራሽ ካህኑ ጃንጥላ አስይዘውታል። እንጀራ ፍለጋ የመጣ ምስኪን መስሏቸው።"

ደመቀ የያዘውን መጽሐፍ አስቀመጠ። ከታምሬ ጋር ለስድስት ዓመት በአንድ ክለብ፣ በአዘዞ መንገድ፣ ትከሻ ለትከሻ ሮጠዋል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትተዋል፤ አንዱ ጫማ ሲያልቅበት ሌላው ያውሰዋል። ከዚያ ታምሬ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አለቃ ሆነና ጠመንጃ አነገተ። በመጋቢት ሰባ፣ በቀይ ሽብሩ ወቅት፣ ደመቀን ሊወስድ መጣ። ደመቀ ሐኪም ቤት ተረኛ ነበር። ባዶ እጁን መመለስ ያሳፈረው ይመስል አንዳርጋቸውን፣ የትምህርት ቤት መምህሩን፣ ይዞት ሄደ። አንዳርጋቸው በጥድፊያ በሩ ላይ ያገኘውን የደመቀን የሩጫ ጫማ ተጫምቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አስከሬን ስጡን ማለት ክልክል ነው፤ ማልቀስ ክልክል ነው። ደመቀ በመተማ በኩል በእግሩ ወጣ፤ እናኑ በዓመቱ ተከተለችው። ጥቁር እንደ ለበሰች አምስት ዓመት።

አሁን ደግሞ ያ ሰው ከጌቶቹ ተጣልቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የገደላቸው ሰዎች ዘመዶች መሀል ተቀምጦ ይጾማል።

"ምን ላድርገው ትያለሽ?" አላት።

"ግደለው አልልህም። የት እንደጣለው ጠይቅልኝ። አፈሩን እንኳ ሳላውቀው እስከ መቼ ነው ጥቁር የምለብሰው?"

"ባይነግረኝስ?"

እናኑ ነጠላዋን አወለቀች። "ባይነግርህማ አንተ ታውቃለህ" አለችው።

የሯጮቹ ስም ዝርዝር ረቡዕ ሲወጣ፣ የሐጅ ከማሉ ተፎካካሪ የሆኑ ነጋዴ ታከለ የሚባል አዲስ ሯጭ መቅጠራቸው ታወቀ። ደመቀ ያን ማታ እንደ ጥናቱ ሁሉ ነገሩን በየተራ አሰበው። ሰውየው ከደጋ ከወረደ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ገላ ይህን አገር ለመልመድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሩጫው ዓርብ ነው፤ ጾመኛ ደግሞ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። ከኡም ራኩባ ካምፕ ሊያዩት የሚመጡት የአገሩ ሰዎች ዓይናቸው በእሱ ላይ ነውና ጾሙን ሊፈታ አይደፍርም። የደጋ ሯጭ ሁሉ ደግሞ "ቆላ ስወርድ ክንፍ አወጣለሁ" ብሎ ያምናል። እውነት ነው፣ በብርድ ጧት ከሆነ። በጠራራ ፀሐይ ግን ያ ክንፍ መቃብሩ ነው። ደመቀ ሲጨርስ መብራቱን አጥፍቶ ተኛ፤ እንቅልፍም ወሰደው፤ ይህ ራሱን አስገረመው።

አሁን፣ መነሻው መስመር ላይ፣ የውሃ ኮዳ ይዞ ወደ ቁጥር አሥራ አራት ሄደ።

"ታምሬ።"

ሰውየው ቀና አለ። ጺሙ ፊቱን ቢሸፍነውም ዓይኑ ያው ነው። "ታከለ ነኝ" አለ መጀመሪያ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደሜ። በሕይወት ስላየሁህ እግዜር ይመስገን" አለ።

"አንዳርጋቸውን የት ቀበራችሁት?"

"እኔ እስከ ቀበሌው ግቢ በር አደረስሁት። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። በመድኃኔዓለም።"

"አታውቅም?"

"ያለፈው አለፈ፣ ደሜ። እኔም ይኸው እንዳንተ ተሰደድሁ። ስሜን ለሰው አትንገርብኝ፤ ልጆች አሉኝ።"

'እንዳንተ' ያለው ደመቀን ከሁሉ በላይ አቃጠለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይህ ሰው ግን መርሳት ብቻ ሳይሆን ከተወጉት ጋር ተሰልፎ ቁስል ይቆጥራል።

"ውሃ ጠጥተሃል?" አለው።

ታምሬ ኮዳውን አየ፣ ከመንገዱ ዳር የተሰበሰቡትን የካምፑን ሰዎች አየ። "ዓርብ አይደል?" አለ። "ጾም ነኝ።"

ይህን ጊዜ ማንኛውም ሐኪም 'እንግዲያው አትሮጥም' ይለዋል። ደመቀ ራሱ ለየካምፑ በጻፈው መመሪያ ላይ በትልቁ አስምሮበታል።

"ጾምህን ይቀበልልህ" አለውና ኮዳውን አንሥቶ ጠጣ፤ የተረፈውን ቆቡ ላይ አፈሰሰው።

ተኩስ ተሰማ። ሃያ ሁለት ሯጮች ከሲሎው ሥር ወደ ሸዋክ መንገድ ተፈተለኩ። ደመቀ ገና ከመነሻው ከፊት ሆነ፤ በአራቱም ዓመት እንዲህ ሮጦ አያውቅም ነበር። ሱዳኖቹ ሯጮች የፀሐዩን ነገር ያውቁታልና ተረጋግተው ወደ ኋላ ቀሩ። የተከተለው አንድ ሰው ነው። ሳያየው በእግሩ ኮቴ አወቀው፤ ግራ እግሩን ጠበቅ አድርጎ የሚረግጥ፣ በአዘዞ መንገድ ስድስት ዓመት ከጎኑ የሰማው ኮቴ።

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። የዋልካው አፈር በሁለቱም ወገን ተሰንጥቆ ከሩቅ ይንቀለቀላል፤ አጫጆቹ የሰሊጡን ነዶ አቁመው ከሥሩ ተጠልለዋል። ታምሬ ፈገግ አለ። በእርግጥ ደስ ብሎት ነበር፤ ጎበዝ ሯጭ ጎበዝ ሯጭ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

"እንደ ድሮው" አለ እያለከለከ።

"እንደ ድሮው" አለ ደመቀ፤ ፍጥነቱንም ጨመረ።

ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መመለሻው ነው። አንድ ሽማግሌ በየሯጩ እጅ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ፤ ከጎናቸው ዚር፣ ትልቁ የሸክላ ማሰሮ፣ ከነጣሳው ተቀምጧል። ደመቀ ቆሞ ሁለት ጣሳ ጠጣ፣ አንዱን አናቱ ላይ ደፋ። ታምሬ ማሰሮውን አልፎ ሄደ። ደመቀ የደከመ መስሎት ይሆናል፤ ተስፈንጥሮ ሠላሳ እርምጃ ቀደመ። ደመቀ ከኋላ ሆኖ የሰውየውን ጀርባ እንደ በሽተኛ መረመረው። ሸሚዙ ደርቋል። ላብ የለም። ክንዱ ላይ በዚያ ሙቀት ጸጉሩ ቆሟል። ቀስ ብሎ ደረሰበትና እንደገና ጎተተው። 'ትንሽ ቀረው' እያለ ነበር በልቡ፤ በልቡ ውስጥም ሌላ ነገር አልነበረም።

ዘጠነኛውን አለፉ። ታምሬ ከመንገዱ መሀል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሀል መወላገድ ጀመረ። አሥረኛው ላይ ዞሮ ደመቀን አየው፤ ግን ያየው ደመቀን አልነበረም። ወንድማማቾቹ በመልክ ይመሳሰላሉ።

"ጫማህን እኔ አልወሰድሁትም" አለ።

ደመቀ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ጆሮውን ሰጠ።

"አንዳርጋቸው፣ ስማኝ። የጥበቃው ልጆች ሊያወልቁት ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልሁ። እዚያ ጡብ ቤቱ ጋ... እንደ ተጫማኸው ነው አፈር ያለበስንህ።"

ደመቀ አንድ እርምጃ ሳተ። 'እስከ ቀበሌው ግቢ በር አደረስሁት' ያለው ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። በመድኃኔዓለም የማለው ሰው ጫማውን ሳይቀር ያስታውሳል።

"የቱ ጡብ ቤት?" ብሎ ጮኸበት። "ታምሬ! የቱ ጡብ ቤት?"

ታምሬ ሁለት እርምጃ ሄደና በግንባሩ ተደፋ።

ደመቀ ሮጠ። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ እግሩ አላቆመም። የሲሎው ቁመት ከፊቱ ይታያል፣ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል፣ አምስተኛው ድል ይጠብቀዋል፣ ከኋላው ያሰበው ነገር በራሱ ጊዜ ይፈጸማል። መቶ እርምጃ ያህል እንዲሁ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ያ ሰው ከሞተ ቦታውም አብሮት ይሞታል፤ እናኑ እስክትሞት ጥቁር ትለብሳለች።

በኋላ ከተማው ሁሉ 'ድሉን ትቶ ተፎካካሪውን አዳነ፣ አዛኝ ሐኪም ነው' ብሎ አወደሰው። ማዘን አልነበረም። የሚፈልገው ነገር በዚያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበርና ጭንቅላቱ ሳይቃጠል ማውጣት ነበረበት።

በአህያ የሚጎተት የውሃ በርሜል በመንገዱ ሲያልፍ አስቆመና ቧንቧውን ከፍቶ በታምሬ ላይ ለቀቀው። ባለ ውሃው፣ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህ የሰው ውሃ ነው!" ብሎ ተቆጣ፤ የወደቀውን ሰው ፊት ሲያይ ግን ራሱ በባልዲ ያግዘው ጀመር። ሌሎቹ ሯጮች አንድ በአንድ እያለፏቸው ሄዱ።

ሐጅ ከማሉ በፒክ አፕ መኪናቸው ደረሱ። ወርደው አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይዋ፣ አንድ ጊዜ ወደ ደመቀ አዩ።

"ሠላሳ ሦስት ነው አላልኸኝም?" አሉ።

"ተሳስቻለሁ፣ ሐጅ።"

"አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንተ ቁጥር ስትስት አይቼ አላውቅም።"

ደመቀ ጎንበስ ብሎ የበሽተኛውን ብብት ይዞ፣ "እግሩን ያንሡልኝ" አላቸው። ሐጅ ከማሉ አነሡለት፤ ከክሊኒኩ በር ላይ ግን ሳይሰናበቱት መኪናቸውን አዙረው ሄዱ።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ራሒማ ቴርሞሜትሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ እርጥብ አንሶላ አለበሱት፣ በየተራ አራገቡለት። በስምንት ሰዓት ሙቀቱ ወረደ፤ ትንፋሹ ተስተካከለ።

"ይተርፋል" አለች ራሒማ። "አስታማሚ አለው? ያለ አስታማሚ አናስተኛም፤ ማን ያጥበዋል፣ ማን ያጠጣዋል?"

"አለው" አላት ደመቀ። "ሰው ላኪና እናኑን አስጠሪልኝ።"

እናኑ የሥራ መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደ ተሰካ መጣች። ደመቀ የሆነውን ሁሉ በሩ ላይ ነገራት፤ የቴርሞሜትሩን፣ የውሃውን፣ የጫማውንም። ስለ ጫማው ሲነግራት ግድግዳውን ያዘች። ከዚያ ገብታ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠች።

ታምሬ ዓይኑን የገለጠው እሷ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ አያት።

"እናኑ" አለ። ቀጥሎ፣ "ውሃ" አለ።

ደመቀ ኩባያውን ሞላና ለእናኑ ሰጣት። እሷም ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"የቱ ጡብ ቤት ነው?" አለችው።

"ምን ጡብ ቤት?"

"አውርተኸዋል። ፀሐዩ አስለፍልፎሃል።"

ታምሬ ወደ ደመቀ ዞረ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም አውጥቷል። "ዶክተር፣ ውሃ ስጪው በላት።"

ደመቀ የግሉኮሱን ጠብታ አስተካከለ። ውሃው በደም ሥሩ እየገባለት ነው፤ አይሞትም። በደም ሥር የሚገባ ውሃ ግን አፍ አያርስም፤ ይህንንም ደመቀ ያውቃል።

"አንገረብ ማዶ" አለ ታምሬ በመጨረሻ። "የፈረሰው ጡብ ማቃጠያ። ከጀርባው፣ ወደ ወንዙ በኩል፣ ሁለት ግራር አለ። በግራሮቹ መሀል።"

እናኑ ራሱን ደገፍ አድርጋ አንድ ጉንጭ አጠጣችው፤ እንደ ታመመ ልጇ፣ በጥንቃቄ። ኩባያውን ግን መልሳ ያዘችው።

"ስንት ነበሩ?"

"እኛ?"

"እናንተን አላልሁህም። እነሱ ስንት ነበሩ?"

"አላስታውስም።"

እናኑ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ሰባት" አለ ታምሬ።

"ስማቸውን ጥራልኝ። የስንቶቹ እናት ካምፕ ውስጥ አለች። አንድ በአንድ ጥራልኝ።"

ታምሬ አለቀሰ፤ እንባ ግን አልወጣውም፤ በገላው ውስጥ የሚተርፍ እንባ አልነበረም። አንድ ስም ጠራ። እናኑ አንድ ጉንጭ ሰጠችው። ሁለተኛውን ለማስታወስ ሲል ዓይኑን ጨፈነ። ደመቀ የበሽተኛውን ካርድ ገልብጦ ስሞቹን በጀርባው ይጽፍ ጀመር። በገዛ መመሪያው ላይ 'የነቃ በሽተኛ እስኪረካ ድረስ ውሃ ይሰጠው' ብሎ የጻፈው እሱ ነው፤ ቃል በቃል ትዝ አለው።

በሩ ተንኳኳ።

"ዶክቶር" አለች ራሒማ ከውጭ። "በሽተኛው ነቃ ወይ? ውሃ ላምጣለት?"

ታምሬ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። እናኑ ቀና ብላ ደመቀን አየችው። ደመቀ ተነሥቶ በሩን በስንዝር ያህል ከፈተና ክፍተቱን በትከሻው ሞላው።

"አያስፈልግም፤ እየጠጣ ነው" አላት፤ በሩንም መልሶ ዘጋው።